የእንስራውን ውሃ መለካት፦ የአያቶቻችንን የቤት ኑሮ ከዛሬው ጋር እንዴት እናነጻጽር?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ በየካ አባዶም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። ትልልቆቹ «ዱሮ ቀረ» ይላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ «ያን ሁሉ መከራ እንዴት ቻሉት?» እያሉ ይገረማሉ። ሁለቱም ከልብ የሚነገሩ ናቸው፤ ንጽጽር ግን አይደሉም። ማነጻጸር ማለት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድ መስፈሪያ መስፈር ነውና፣ መስፈሪያው ሳይታወቅ «ይሻል ነበር» ወይም «ይከፋ ነበር» ማለት የትም አያደርስም። ይህ ጽሑፍ አያቱ፣ አክስቱ ወይም አንድ አዛውንት ጎረቤቱ በሕይወት ላሉለት ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአንድን ቤት የዱሮ ኑሮ ከራሱ ቤት ኑሮ ጋር እንዴት በጥንቃቄ ማነጻጸር እንደሚችል ያስረዳል። እኔ ይህን ሥራ የሠራሁት ከለገጣፎ ወጣ ባለች መንደር ከሚኖሩት አያቴ ጋር ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ከእርሳቸው ቤት እስከ እኔ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በሁለቱ ቤቶች ጓዳ መካከል ያለው ርቀት ግን ሌላ ነው።

ዘመንን ሳይሆን ሥራን መምረጥ

የመጀመሪያው እርምጃ አንድ የተወሰነ ሥራ መምረጥ ነው። «የዱሮ ኑሮ እንዴት ነበር?» ተብለው የተጠየቁ አያት የሚመልሱት ስሜታቸውን ነው። «እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከመኝታዎ ሲነሱ እጅዎ መጀመሪያ የሚነካው ምን ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ግን እጃቸው ራሱ መናገር ይጀምራል። አያቴን ይህን ስጠይቃቸው አንዲት ቃል ከመናገራቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፉት። የሚገፉት የወፍጮውን መጅ፣ በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን ድንጋይ፣ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ለጀማሪ የሚመቹት እንጀራ፣ ውሃና ማገዶ ናቸው፤ ምክንያቱም በየትኛውም ትውልድ ቤት ውስጥ የማይቀሩ ሥራዎች ስለሆኑ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ወደ ሠርግና ወደ ዓመት በዓል ለመሄድ አይቸኩሉ። በዓል በማስታወስ ውስጥ የሚቀረው ከዘወትሩ ቀን የተለየ በመሆኑ ነውና፣ የዘወትሩን ቀን ይሸፍነዋል እንጂ አያሳየውም።

ዓመቱን በክስተት ማግኘት

አብዛኞቹ አዛውንቶች ዓመት በቁጥር አይነግሩዎትም፤ እንዲነግሩዎትም አያስጨንቋቸው። ይልቁንም ሁሉም የሚያውቃቸውን ክስተቶች በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል ይጻፉ፦ ጣሊያን የገባበት 1928 እና የወጣበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ የፈነዳበት 1966፣ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀበት የካቲት እና ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሐምሌ 1967፣ የ1977 ድርቅ፣ የመንግሥት ለውጥ የመጣበት ግንቦት 1983፣ ሚሊኒየም የተከበረበት 2000። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ወሬ በሁለት ክስተቶች መካከል ያስገቡት። አያቴ የተዳሩበትን ዓመት አያውቁትም፤ ነገር ግን «የታኅሣሥ ግርግር በሆነ በዓመቱ» ስላሉ 1954 መሆኑን ማወቅ ቻልኩ። ወፍጮ ቤት በመንደራቸው የተከፈተውም መሬት ከታወጀ በኋላ፣ ሦስተኛ ልጃቸውን አዝለው ሳለ እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የኖሩት በትንሹ 13 ዓመት ነው ማለት ነው። ይህች አንዲት ቁጥር «ድሮ እኮ በእጅ ይፈጭ ነበር» ከሚለው ዓረፍተ ነገር የበለጠ ክብደት አላት።

በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ የቆየ ፎቶ ወይም ወረቀት ካጋጠመዎት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ 8 ዓመት መቀነስዎን አይርሱ።

አጠያየቅ

አዛውንት ሰው ሥራ ላይ ሳሉ ይጠይቁ። ሽንኩርት እየከተፉ፣ ስንዴ እየለቀሙ ወይም ቡና እየተቆላ የሚነገረው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልክ ተደቅኖባቸው ከሚናገሩት ይሻላል። ድምፅ ለመቅዳት ካሰቡ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ «አይሆንም» ካሉም በደብተር መጻፍ ይበቃል። ዕቃው ካለ ይዘውላቸው ይምጡ። ማሰሻውን፣ ወንፊቱን ወይም ዘነዘናውን እጃቸው ላይ ሲያገኙት ያላሰቡት ትዝታ ይመጣል።

በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ብዙ አዛውንቶች አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ እንዲናገሩ ከማስገደድ ይልቅ ቋንቋውን የሚያውቅ የቤተሰብ ሰው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የዕቃውንም ስም እንደጠሩት ይጻፉት። ምጣዱን «ኤሌ»፣ ማሰሮውን «ኦኮቴ» ካሉ በደብተርዎ ላይ እንደዚያው ይስፈር። አንድ ሰው ጓዳውን የሚያስታውሰው ጓዳው ውስጥ ይነገር በነበረው ቋንቋ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ራሳቸው የሠሩትን፣ ሲሠራ ያዩትንና ከሌላ ሰው የሰሙትን ለይቶ መጻፍ ነው። እኔ በሦስት ቀለም ነው የጻፍኩት። ስጨርስ «እኛ ዱሮ» እየተባለ ከተነገረኝ ውስጥ ትንሽ የማይባለው የአያቴ ሳይሆን የእናታቸው ኑሮ ሆኖ አገኘሁት። ዱሮ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ለምሳሌ አያቴ ምጣዱን የሚያነድዱት በደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር፤ ለእርሳቸው ከቅጠል የበለጠ ጥንታዊ ማገዶ የለም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው እንጨት ተመናምኖ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ በተደረሰበት ጊዜ ነው። የአያቴ አያት በልጅነታቸው ያን ቅጠል አያውቁትም ማለት ነው። ስለዚህ «ዱሮ» ሲባል ሁልጊዜ «የማን ዱሮ?» ብለው ይጠይቁ።

አንድን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል

አሁን የመረጡትን ሥራ በደረጃ ይከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ደረጃ አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን ተሠራ፣ በምን ዕቃ፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ማን ሠራው። ከዚያ በተቃራኒው ገጽ ላይ የራስዎን ቤት በዚያው አኳኋን ይሙሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የራስዎን ገጽ ለመሙላት ሲቀመጡ ግን የራስዎን ቤት ምን ያህል እንደማያውቁት ያያሉ።

የአያቴ እንጀራ እንዲህ ነበር። ጤፉ ይበጠራል፣ ይነፋል፤ ከዚያ ሌሊት በድንጋይ ወፍጮ ላይ ይፈጫል። ዱቄቱ በቡሃቃ ይቦካል፤ ካለፈው ሊጥ በተቀመጠ እርሾ ይጣላል፤ ሲደርስም አብሲት ይጣልበታል። በጋገራው ቀን ጉልቻው ላይ የተጣደው የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየተዞረ ይፈስሳል፤ «ዓይን» ሲያወጣ አክንባሎው ይከደናል፤ ሲበስል በሰፌድ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ እጅ ሊጥ ያዞራል፣ ሌላው እጅ ቅጠል ይማግዳል። ቅጠል ቶሎ ነድዶ ቶሎ ስለሚጠፋ አንዲት እንጀራ እስክትበስል ድረስ ሳያቋርጡ መማገድ ያስፈልጋል። ጓዳው መስኮት አልነበረውም። አያቴ የጭሱን ነገር በቃል አልነገሩኝም፤ ስለ ምጣዱ ሲያወሩ ግን ሳያውቁት ዓይናቸውን ጨፈን፣ ፊታቸውን ወደ ጎን ዘወር ያደርጋሉ። ያንን በደብተሬ ላይ «ጭስ» በሚለው ቃል አጠገብ ጻፍኩት።

በእኔ ገጽ ላይ ጤፉ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ እኔ ጠብቄ እመልሰዋለሁ። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። እንዲህ ዓይነት ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ድረስ የሚስብ ስለሆነ መብራት ሲደክም አይሠራም፤ መብራቱ ሙሉ ከሆነ ግን 20 እንጀራ ለመጋገር አንድ ሰዓት ከምናምን ይበቃኛል። ጭስ የለም፤ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ካስገረመኝ ነገር አንዱ ያልተለወጠው ነው። ሊጡ በአያቴ ቤት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ በእኔም ቤት ሦስት ቀን ይፈጃል። ከኤሌክትሪክ ምጣዱም ከወፍጮ ቤቱም ጋር እርሾው በራሱ ጊዜ ይሄዳል። «ዛሬ ሁሉም ነገር ፈጣን ሆኗል» የሚለው አባባል እንጀራ ላይ አልሠራልኝም፤ ያጠረው የሰው ልፋት እንጂ የሊጡ ዕድሜ አይደለም። እንዲህ ያለ ያልተለወጠ ደረጃ ሲያገኙ አስምሩበት፤ ልማዱን በልማድነቱ ያቆየው እርሱ ሊሆን ይችላል።

መለካት

በቃል የተነገረዎትን መጠን በተቻለ መጠን በራስዎ ይለኩ። ቁና፣ እንስራ፣ ጣሳ፣ ክንድና ስንዝር ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ስለዚህ ዕቃው ካለ በዕቃው፣ እጁ ካለ በእጁ ይለኩ። በቁና የሚሰፈረውን እህል ወደ ሚዛን ይውሰዱት። አያቴ ውሃ ይቀዱበት የነበረው እንስራ እስከ ዛሬ ጓዳቸው ጥግ ላይ አለ፤ አሁን ባዶውን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ወደ እንስራው ስገለብጥ አፉ ድረስ 17 ሊትር ያዘ። ባዶውን ብቻውን ስታቅፈው ደግሞ ሸክላው ራሱ የሚከብድ መሆኑ ይታወቃል፤ ጀሪካን ግን ባዶው ክብደት የለውም። ይህን ሳላደርግ በፊት ሁለቱን «ያው የውሃ ዕቃ» ብዬ አልፌያቸው ነበር።

መንገዱንም ቢቻል አብረው ይሂዱት። ከአያቴ ጋር ወደ ምንጩ የወረድነው በዝግታ፣ እየተደገፉኝ ነበር። ለገዳዲ ግድብ ከመንደራቸው ሩቅ አይደለም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ ውሃው ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሲጀምር እርሳቸው ገና ወደዚያው ምንጭ ይወርዱ ነበር። ስለ «ዱሮና ዘንድሮ» ስናስብ ለውጥ ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን የመጣ አድርገን እንገምታለን፤ ዳርቻ ላይ ግን ቧንቧው በሰፈሩ አልፎ ሳለ እንስራው ብዙ ዓመት ይቆያል። በእኔም ፎቅ ቧንቧ አለ፤ ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ግን በማይመጣበት ቀን ሁለት ጀሪካን ተሸክሜ እስከ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። በገጼ ላይ «ቧንቧ አለ» ብዬ ብቻ ብጽፍ ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር።

«ማን?» የሚለውን መስመር መሙላት

በዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱና ከማንኛውም የሚበልጠው ይህ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አያቴ ስለ ፈጨታ ሲነግሩኝ «እንፈጭ ነበር» ይሉ ስለነበር፣ «ማን?» በሚለው መስመር ላይ «አያቴ» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ከወራት በኋላ ቤተሰባችን «አክስቴ» ብሎ የሚጠራቸውን፣ በልጅነታቸው ከሩቅ ዘመድ መጥተው እዚያ ቤት ያደጉትን እናት ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። እርሳቸው ያንኑ ወፍጮ በሌላ መልኩ ነው የሚያውቁት። በ9 ዓመታቸው ወደ ቤቱ እንደመጡ፣ ሌሊት ወፍጮው አጠገብ እንደሚቀሰቀሱ፣ እንቅልፍ ሲጥላቸውም ግንባራቸው መጁ ላይ እያረፈ ይነቁ እንደነበር ነገሩኝ። ያለ ምሬት ነው የነገሩኝ፤ አያቴንም ይወዷቸዋል። «እንፈጭ» የሚለው ቃል ውስጥ ግን እርሳቸው እንዳሉ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ስለዚህ አንድን ቤት ቢያንስ በሁለት ሰው ዓይን ይዩት፤ አንደኛው የቤቱ ባለቤት ከሆነ ሌላኛው በዚያ ቤት የታዘዘ ሰው ይሁን። ወንዶችንም ይጠይቁ፤ ያልሠሩትን ሥራ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ለየብቻ ያነጋግሯቸው፤ በአንድ ቡና ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርስ ላለመቀያየም ብለው ብዙ ነገር ይሸፍናሉ።

ከዚያም ያንኑ ጥያቄ ሳይፈሩ ወደ ራስዎ ቤት ያዙሩት። ሥራ በሚበዛብኝ ሳምንት እንጀራ የምገዛው ከምድር ቤታችን ካለች ሴት ነው። የእኔ ገጽ ላይ «ጊዜ» በሚለው ስፍራ «አምስት ደቂቃ» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ስጠይቃት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ምጣድ እንደምትጥድና የሰፈሩ መብራት የማይደክመው በዚያ ሰዓት ስለሆነ እንደሆነ ነገረችኝ። የአያቴ ቤት ሌሊት አልጠፋም፤ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወርዷል። የቤት ሠራተኛ ያለው ሰው የእርሷን ሰዓት፣ ልጆቹን የሚይዙለት እናት ያሉት ሰው የእናቱን ሰዓት በዚያ መስመር ላይ ያስፍር። ይህ መስመር ካልተሞላ ንጽጽሩ የሚነግረን ዕቃ መለወጡን ብቻ ነው፤ ሸክሙ ቀለለ ወይስ ትከሻ ለወጠ የሚለውን ግን አይነግረንም።

ገንዘብ፣ ሳሙናና መብራት

ዋጋን በብር ለማነጻጸር አይሞክሩ። በስሙኒና በሽልንግ የተገዛን ነገር ከዛሬው ብር ጋር ማስተያየት ሁልጊዜ «ዱሮ ርካሽ ነበር» ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳል። ይልቁንም የቀን ሥራ የሠራ ሰው በአንድ ቀን ደመወዙ ያኔ ስንት ጣሳ ጤፍ ይሸምት እንደነበር ይጠይቁ፤ ከዚያ ዛሬ በሰፈርዎ ያለ የቀን ሠራተኛ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ ይጠይቁና ሁለቱን በሚዛን ያገናኙ።

ልብስ አጠባ ላይ ትንንሽ ምክንያቶችን ሳይንቁ ይጻፉ። አያቴ ነጠላ የሚያጥቡት በእንዶድ ፍሬ ነበር። በእንዶድ ማጠብ የሴቶች ተራ ሥራ ተደርጎ የሚታይ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ለመከላከል ወደሚያስችል ምርምር መራቸው። የእናቶቻችን ጓዳ የያዘውን ዕውቀት ሰው የሚያየው አጠገቡ ቆሞ ሲመለከት ብቻ ነው።

የመብራት ነገር በአጭሩ ይበቃል፦ በኩራዝ ቤት ራት የሚበላው በስንት ሰዓት እንደነበርና ከራት በኋላ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁ። አያቴ ከራት በኋላ ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ «ለእንዝርት ብዙ ብርሃን አያስፈልግም፤ ጣት ያውቀዋል» አሉኝ።

ጎረቤትንም በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይያዙት። «ዱሮ ፍቅር ነበር» የሚለውን ከመጻፍዎ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ የማን ቡና ላይ ይጠሩ እንደነበር ይቁጠሩ፤ ከዚያ ለአንድ ሳምንት በራስዎ በር ማን እንደገባ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። የእኔ ሳምንት ከፈራሁት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዕድራችን በሕንጻው ውስጥም ሥራ ላይ ነው።

መልሶ ማንበብ

ሁለቱን ገጾች ከጨረሱ በኋላ ለተናገሩት ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ይህን ሳያደርጉ ለሌላ ሰው አያሳዩ። የተናገረ ሰው ቃሉ ተጽፎ ሲሰማ ያርማል፣ ይጨምራል፣ አንዳንዱንም «ይህንን ተዪው» ይላል፤ ተዉ የተባለውን መተው ግዴታ ነው።

እኔ ያነበብኩላቸው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳቸው በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። ስለ ፈጨታው ስደርስ፣ «ማን?» በሚለው መስመር ላይ የአክስቴን ስም ከእርሳቸው ስም አስቀድሜ ስጠራ፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «እውነት ነው፤ ከእኔ ይልቅ እርሷ ናት» ብለው እንድቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ውሃው ጋር ስደርስ ግን አቋረጡኝ።

«አሥራ ሰባት ያልሽው ልክ አይደለም» አሉ።

«ለክቼዋለሁ እኮ፣ እማማ፤ አፉ ድረስ ሞልቼ ነው የለካሁት» አልኳቸው።

«አፉ ድረስ የሞላ እንስራ ማን ይሸከማል፣ ልጄ? ዳገቱን ስትወጪ በጀርባሽ ይፈስሳል። እስከ አንገቱ ነው የሚሞላው፤ ከዚያ ቅጠል ጣል ይደረግበታል፣ እንዳይንቦጫረቅ።»

ተነሥቼ እንስራውን አወጣሁት። ጀሪካኑን ሞልቼ እርሳቸው «በቃ» እስኪሉኝ ድረስ ገለበጥኩ። ከዚያ 17 የሚለውን ሰርዤ 14 ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም «ከነቅጠሉ» የሚል ጨመርኩ።